በየማለዳው የሚሞቅ ሞተር

የናፍጣ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲጠራኝ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነገር ነው። ኮፈኑን አስከፍትና መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳርፋለሁ። ቀለሙን አላይም፣ ወንበሩን አልነካም፣ ሻጩ የሚያወራውንም አልሰማም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ እንነጋገራለን፤ ከሞቀ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ያረጀ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከሞቀ እንደ አዲስ ነው፤ ቁልፉን ገና ስትነካው ይነሳል። ጉዱ የሚወጣው ቆሞ አድሮ በጠዋት ሲቀሰቀስ ነው። ያኔ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ያንኳኳል፣ እንደ ሽማግሌ ያስላል። ይህን ሻጮችም አሳምረው ያውቃሉ። ገዢ ሳይደርስ አንድ ሁለት ዙር ነድተው ያሞቁትና ዓይናቸውን በጨው አጥበው "ከትናንት ጀምሮ አልተነካም" ይላሉ።

ሃያ ስምንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሬ እኔንም እንዲህ ብሎ የሸወደኝ ሰው አለ። ያውም በታናሽ እህቴ መኪና። እህቴ ዳቦ ጋጋሪ ናት። የመጀመሪያዋን ቫን አይቼ "ግዢው" ያልኳት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ቸኩዬ ነበር፤ ሞተሩ ለብ ማለቱን እጄ እያወቀ አለፍኩት። በሃያኛው ቀን መኪናው መንገድ መሃል ሞቶ ቀረ፤ ያን ሁሉ ዳቦ ወደ ሌላ መኪና ስናሻግር ዝናብ በላው። እህቴ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። የባሰውን አደረገች፤ መቀለድ ጀመረች። ሻይ ስታቀብለኝ "ጋሼ፣ ንካው እስቲ፣ ሞቋል?" ትለኛለች። ሰው ፊት ስቄ አልፈዋለሁ፤ ሆዴ ግን ያርራል። ዘንድሮ ሁለተኛ ቫን ልትገዛ ስትነሳ ተመልሳ እኔኑ ጠራችኝ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ምድር ብትገለበጥ በሞቀ ሞተር ዳግም አልታለልም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ቫኑ የቆመው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ግቢ ውስጥ ነበር። ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው፤ ጎኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ቀርታለች። መምህሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸውን ገልብጠው የለበሱ ሰው ናቸው።

"መኪናው የባለቤቴ ነው" አሉ ወደ መስኮቱ እያመለከቱ። "ችግኝ ትሸጥበት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ከእሷ በቀር መሪውን የያዘ የለም። እኔማ መንዳት አልችልም። 'የዓለምን አገር ሁሉ ታስተምራለህ፣ አንተን ግን የማመላልስህ እኔ ነኝ' እያለች ትስቅብኛለች።"

መስኮቱ ከቫኑ አፍንጫ አምስት እርምጃ አይሞላም። መጋረጃው ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ትራስ ተደግፈው ተጋድመዋል። ዓይናቸው ቫኑ ላይ ነው።

"ጨረር ትታከም ነበር" አሉ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሆስፒታሉ ከዚህ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ወረፋ ሳይበዛ ብላ በየማለዳው ራሷ እየነዳች ትሄድ ነበር፤ እኔ ጎኗ ተቀምጬ። ኋላ ሐኪሞቹ 'ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ፣ አንድ ሳምንት ብትቆይ ነው' አሉን። ይኸው አምስት ወሯ። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ አይቷት፣ አንገቱን ነቅንቆ ሄደ።"

እህቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ግን በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው፤ እጄ ኮፈኑ ሥር ገብቷል። ሞተሩ ሞቋል። ለብ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ከሩቅ አገር እንደገባ መኪና ግሏል። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንኳ አልሆነም።

"መምህር፣ ዛሬ ማን ነዳው?" አልኩ።

"ማንም።"

"ማንም ሳይነዳው ይሞቃል?"

"ልጄ፣ ቁልፉ ያለው እሷ ትራስ ሥር ነው። ከፈለግህ አመጣልሃለሁ።"

ደሜ ፈላ። እህቴ እጅጌዬን ጎተተችና "ጋሼ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቀስ በል" አለችኝ። "ትልቅ ሰው አይዋሽም ያለሽ ማን ነው?" አልኳት። ልሄድ ዞሬ ነበር። ያስቀረኝ መኪናው ራሱ ነው። ዘይቱ ንጹሕ፣ የራዲያተሩ ውሃ ጠብታ ዘይት የሌለበት፣ ሻንሲው ብየዳ ያልነካው፣ አራቱም ጎማ እኩል የተበላ። እንዲህ ያለ መኪና በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። አንድ የጎደለኝ ነገር ሲቀዘቅዝ ማየት ብቻ ነበር። ስለዚህ ቁልፉ እኔ ዘንድ እንዲያድር ጠየቅኩ፤ መምህሩ ሳያቅማሙ ሰጡኝ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መዳፌ ላይ ጻፍኩ። የፊት ጎማው ጎን ላይ፣ መሬት በሚነካበት በኩል፣ በጠመኔ አሰመርኩ።

በማግስቱ እኔና እህቴ ከትናንቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመን ደረስን። የግቢው በር ከውስጥ በሰንሰለት ታስሯል፤ ሰንሰለቱ ላይ የሌሊቱ ጤዛ እንዳለ ነው። መምህሩ ፈተው አስገቡን። መሬቱ እርጥብ ነበር፣ ከእኛና ከመምህሩ ጫማ በቀር አንድም ዱካ፣ የጎማም እንኳ፣ የለበትም። የጠመኔው መስመር ግን ከጎማው ሥር ወጥቶ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ሞተሩ ግሏል። ቆጣሪውን ከመዳፌ ጋር አስተያየሁት። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ጨምሯል።

"ሌላ ቁልፍ አለ" አልኳት እህቴን በሹክሹክታ። "አንድ ሰው ነድቶት ሲያበቃ ግቢውን ጠርጎታል።"

እህቴ ቆጣሪውን ደጋግማ አየች። "ጋሼ፣ ሆስፒታሉ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ያሉን?" አለች። ሰባት መሄጃ፣ ሰባት መመለሻ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

መምህሩ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። "አሁን ነው የነቃችው። ማለዳ ላይ እንቅልፏ ከባድ ነው፤ ብጠራት አትሰማኝም፣ እጇም ይበርዳል። ስትነቃ ከመንገድ እንደገባ ሰው ውሃ አምጣ ትለኛለች። 'ዛሬ ወረፋው አጭር ነበር' ትለኛለች። መድኃኒቱ ነው መሰለኝ። ብቻ ከዚያ በኋላ ቀኑን ደህና ትውላለች።"

ጤነኛ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ቁልፉን መልሶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ዳቦው ዝናብ ላይ የቀረበትን ቀን ነበር የማስበው። በራሱ የሚሄድ ናፍጣ ገና አልተሠራም፣ የሚያሾፍብኝ ሰው አለ ብዬ ድርቅ አልኩ። መምህሩ ውሃ ሊቀዱ ወደ ማድ ቤት ሲገቡ መፍቻዬን አወጣሁ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የምታደርሰውን ቀጭን ቧንቧ ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት። ያለሷ ሞተሩ አንድ ጠብታ ናፍጣ አያገኝም፤ ሺህ ቁልፍ ቢኖራቸው አይነሳም። ለመምህሩ አልነገርኳቸውም። ቢያውቁማ ምኑን ያዝኳቸው?

ኮፈኑን ስዘጋ ከመስኮቱ ድምፅ መጣ።

"ቶሎ ትጨርሳለህ ወይ ልጄ?" አሉኝ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። "ጠዋት እፈልገዋለሁ።"

"አያስቡ እትዬ፣ ጠዋት እዚሁ ነኝ" አልኳቸው። ይህን ስል እንኳ ፊታቸውን አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከእህቴ ጋር በሩ ላይ ነበርን። ሰንሰለቱ አልታሰረም፤ ገፋ አድርገን ገባን። የጠመኔው መስመር ትናንት እንደ አዲስ ባሰመርኩበት ቦታ ነው። ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። መዳፌን ሞተሩ ላይ ሳሳርፍ ብረቱ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልደብቃችሁ አልችልም። "ያዝኩት!" አልኩ። እህቴ አልሳቀችም፤ መስኮቱን ታያለች። መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል።

ቧንቧዋን ቦታዋ መለስኳት፣ ናፍጣው መስመር ውስጥ የገባውን አየር አስወጣሁ፣ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ ተንፈስ አለና ተነሳ። ነጭ ጭስ የለ፣ ማንኳኳት የለ፣ ማሳል የለ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሞተር አልሰማሁም። "ግዢው!" አልኳት እህቴን በመስኮት አንገቴን አውጥቼ። "በሙሉ አፌ ነው የምነግርሽ፣ ግዢው!"

የቤቱ በር ተበረገደ። መምህሩ በባዶ እግራቸው እየሮጡ ወጡ። ፊታቸው በደስታ በርቷል። በቀጥታ ወደ ሹፌሩ ወንበር መጡ፣ እኔን አዩ፣ ያ ደስታ ከፊታቸው ላይ ወረደ።

"እሷ መስላኝ ነበር" አሉ።

ሞተሩን አጠፋሁ።

"ገና ሳይነጋ ነቃች" አሉ መምህሩ የቫኑን በር ይዘው። "በላብ ተጠምቃለች። 'አልነሳ አለኝ' አለችኝ። 'ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አልነሳ አለኝ፣ ወረፋዬ ሊያልፍ ነው' አለች። የምትሄጂበት የለም፣ ተኚ አልኳት። እኔ ምን አውቄ! በሩን ልክፈትላት ብዬ ሰንሰለቱን ፈታሁት፣ ደስ ይበላት ብዬ። ስመለስ እጄን ይዛ ... ቅድም፣ እናንተ ሳትገቡ ነው ያረፈችው። ዓይኗን እየከደንኩ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ተነሳላት ብዬ ሮጥኩ።"

እህቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ከወንበሩ መውረድ አቃተኝ። የሴትዮዋ ቦታ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

"አንተ ባለሙያ ነህ" አሉኝ መምህሩ። ቁጣ የለባቸውም፤ ያልገባውን ነገር እንደሚጠይቅ ተማሪ ነው የሚያዩኝ። "ለአንተ እንዲህ በአንዴ የተነሳ መኪና ለእሷ ለምን እምቢ አላት?"

መዋሸት እችል ነበር። ባትሪ ነው፣ ብርዱ ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

"ቧንቧውን ትናንት ፈትቼ ወስጄው ነበር መምህር።"

"ለምን?"

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሞተሩ እንዳይሞቅ ብዬ" አልኳቸው።