ያልረጋ የጭስ ውሃ

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መድኃኒት ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። መርሳት ሲጀምራቸው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ሰጡና ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስንሄድ በር ካልቆለፍንባቸው ወጥተው ይጠፉብናል። አባቷን እንደ እስረኛ መቆለፍ የባለቤቴን አንጀት በላው። ካንተ ጋር ችግኝ ጣቢያ ይዋል፣ ሥራ ስጠው አለችኝ። ልቤ ባያምንም እሺ አልኩ።

ችግኝ የማሳድገው በጭስ ነው ብል ትስቁ ይሆናል። የበቆሎ ቆረቆንዳ በርሜል ውስጥ አፍኜ አቃጥላለሁ፤ ጭሱ በቧንቧ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ውሃ ይሆናል። ያ የጭስ ውሃ ጄሪካን ውስጥ ይቀመጣል፤ ከጭሱ የሚወጣው፣ ችግኝ የሚያቃጥለው ሬንጅ ወደ ታች እስኪዘቅጥ ማንም አይነካውም። ከዚያ ጠራ ያለውን ብቻ ቀድቼ፣ በብዙ ውሃ አቅጥኜ አጠጣለሁ። ችግኙ እንዴት እንደሚፋፋ ብታዩ!

አማቴ ማጠጫውን ሲይዙ ሌላ ሰው ሆኑ። ቀና ብለው መራመድ፣ መቀለድ ጀመሩ፤ እኔንም "ተላላኪዬ" ይሉኛል። ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

አንድ ጠዋት ከአማቴ ጋር ስንደርስ ትናንት ያጠጡት የግራር ችግኝ በሙሉ ጠቁሮ ተጨማዷል። አፈሩን ብነካው ጥቁር ቅባት ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ጄሪካኑን አየሁት፤ ሬንጁ ከላይ እስከ ታች ተደባልቋል። ደሜ ፈላ። ማን እንዳደረገው ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም። ዕድሜ ልኩን "ሳትነቀንቁ እንዳትወስዱ" እያለ ሽሮፕ ያደለ ሰው፣ ዝቃጭ ሲያይ እጁ እንዴት አርፎ ይቀመጣል?

እሳቸውን ጥላ ሥር አስቀምጬ ባለቤቴን ከሥራዋ ጠራኋት። ስትመጣ፣ በቃ ከነገ ጀምሮ እዚህ አይመጡም አልኳት። አለቀሰች። ተመልሶ ቢቆለፍበት አባዬ ያልቅለታል ብላ ጥፋቱን በራሴ ላይ እንድወስድ ለመነችኝ። እሷ ስታለቅስ አቅም የለኝም፣ ምን ላድርግ።

አማቴ ከተቀመጡበት ተነስተው መጡ። የተቃጠለውን ቅጠል በጣታቸው አሹና ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ማነው የሰጣቸው?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

በትዝብት አዩኝ። "ሳትነቀንቀው ነዋ የሰጠሃቸው። እንዲህ ያለ ስህተት እኮ ሰው ይገድላል።"

ይህን ብለው ሲረጋ የሰነበተውንና የቀረንን ብቸኛ ጄሪካን ብድግ አደረጉ። እንዴት እንደሚነቀነቅ ሊያስተምሩኝ፣ ረጋ ብለው፣ በጥንቃቄ ይነቀንቁት ጀመር።

ባለቤቴ ጠጋ ብላ ጄሪካኑን ተቀበለቻቸው።

"ና አባዬ፣ ቤት እንሂድ።"

እጇን ይዘው ወጡ። እሷ በሌላ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ የቤቱን ቁልፍ ትፈልግ ነበር።