ያልቆጠርኳቸው ሴኮንዶች

ብብቴ ሥር ቢሆን ኖሮ ምንም አልልም ነበር። ቁስሉ የወጣው ግን ጭኔና ብልቴ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ቀይ፣ ትኩስ፣ ጫፉ መግል የቋጠረ። አሥራ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ናሙና ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ራሴ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አፈርኩ። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ መግሉን ጠረግኩና ሁለት የመስታወት ስላይድ ላይ ቀባሁት። የስም ቦታውን ባዶ ተውኩት።

አንዱን በችኮላ አቀለምኩት፤ ትርፉን ቀለም በአልኮል አጠብኩ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሮዝ ነጠብጣቦች፣ አንዳንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ መግሉ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጨብጥ! እኔ ከሚስቴ ሌላ ሴት አላውቅም፤ ታዲያ ከየት መጣ?

ያኔ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ ባስብ ምናለ! ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ከማን ጋር ስትሄጂ ነበር?» አልኳት።

መኪናው ቆመ። «ምን አልክ?»

«ሰምተሻል። በሽታ አምጥተሽብኛል።»

ዘጋችው።

አለቃችንን «እትዬ ሴኮንድ» እንላታለን፤ ስላይድ ስታቀልም ጮክ ብላ ሴኮንድ ስለምትቆጥር ከጀርባዋ እንስቃለን። ፊቴን አይታ መጣችና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች።

«ከየት የተወሰደ ነው?»

«ከቁስል። ጭን አካባቢ።»

«ታካሚው ከሽንት ቧንቧው ፈሳሽ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል? አልኮሉን ስንት ሴኮንድ አቆየኸው?»

አልቆጠርኩም ነበር። ሁለተኛውን ስላይድ ወስዳ እየቆጠረች አቀለመችው። ሐምራዊ ሆኖ፣ እንደ ወይን ዘለላ ተከማችቶ ወጣ። በምላጭ ስላጭ የገባ የቆዳ ባክቴሪያ ነው፤ ብጉንጅ። «አልኮል ሲበዛ ሐምራዊውን ቀለም አጥቦ ሮዝ ያስመስለዋል» አለች፤ ዓይኔን ሳታይ። «ታካሚው ሐኪም ይየው፤ ይድናል።»

ለሚስቴ አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አታነሳም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ለካ ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ሆኜ «ቀጣይ!» አልኩ። እጅጌው የተሰበሰበ ክንድ ገባ። ቀና ስል እሷ ናት፤ ካርድ አውጥታ፣ ተራ ጠብቃ፣ ዓይኗ ቀልቶ።

«ብጉንጅ ነው! ተሳስቼ ነው፤ አንቺ ምንም የለሽም» አልኳት።

«ደሜንም ሽንቴንም መርምሩ። የተጻፈ ወረቀት እፈልጋለሁ» አለች። «አንተ ግን አትንካኝ።»

የተሰለፉት ሁሉ ዞረው አዩን። ክንዷን አልመለሰችም።

እትዬ ሴኮንድ ጓንቷን አጥልቃ መጣች፤ እኔ ገለል አልኩ። ደሟን ቀድታ ብልቃጡን ሳትዞር ወደ እኔ ዘረጋችው፤ ስም የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። የሚስቴን ስም ጻፍኩበት።