ኑዛዜ በስልክ

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ለወንድማቸው ተዝካር ወደ ቡሬ ሊሄዱ ሲነሡ ወይዘሮ ቻይነሽ መንገድ ላይ ጠብቀው ያዟቸው። ካህኑ የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ በዕድሜ ቢያንሱም «ልጄ» ይሏቸዋል፤ አንቺ ማለቱን ግን አይደፍሩም።

«እኔ ታምሜ እርስዎ ቡሬ! ነፍሴ ብትወጣስ?»

«ያለብዎትን አሁኑኑ ይናዘዙና በሰላም ልሂድ፣ ልጄ።»

«የቀረችኝ አንዲት ናት። እሷን ለመጨረሻዋ ሰዓት ነው ያኖርኋት።»

ወይዘሮ ቻይነሽ ተናዝዞ መሞቱን አይፈሩትም፤ የሚያስፈራቸው ተናዝዞ መኖሩ ነው።

«እንግዲያው ስልኬን አልዘጋም» አሉ ቄሱ። «ሲብስብዎ ይደውሉ፣ ፈጥኜ እመጣለሁ።»

ቃላቸውንም ጠበቁ። በተዝካሩ ድግስ ላይ እንኳ በቀኝ እጃቸው እየጎረሱ ስልኩን በግራቸው ይዘውት ነበር።

በመንደሩ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ጫፍ ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕለት ወይዘሮ ቻይነሽን ደረታቸውን ወጋቸው። ሰዓቷ ደረሰች ብለው ጎረቤታቸውን ሰይፈን አስጠሩ። ሰይፈ በበቅሎ ጭኖ፣ አቀበቱ ሲጠና ደግሞ በክንዱ ደግፎ አወጣቸው። ጫፉ ላይ እንደ ወትሮው ግማሹ ቀበሌ ስልኩን ይዞ ቆሟል።

«አባቴ! መሞቴ ነው!»

«ይቆራረጣል ልጄ፣ ጮክ ይበሉ!»

«ይምጡልኝ!»

«አይሰማም! ጮክ ይበሉ!»

ወይዘሮ ቻይነሽ ቄሱ አይደርሱልኝም ብለው ቆረጡ። በስልክ ንስሐ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ግን ያቺን ኃጢአት ይዘዋት ከሚሄዱ ብለው እስትንፋሳቸውን ሰብስበው ጮኹ።

«የሰይፈን ድንበር የገፋሁት እኔ ነኝ! የወሰኑን ድንጋይ ነቅዬ እሱ ማሳ ውስጥ የተከልሁት እኔ ነኝ! ጎርፍ ነው ያልሁት ውሸቴን ነው!»

በኮረብታው ላይ ስልክ ያናግር የነበረው ሁሉ «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» አለ።

«የምን ጎርፍ?» አሉ ቄሱ ከቡሬ። «ጮክ ይበሉ እንጂ!»

«ይበቃል እሜቴ፣ አይድከሙ» አለ ሰይፈ፣ ክንዳቸውን ሳይለቅ። «እኔ ሰምቻለሁ።»

«ለንስሐ አባቴ ነው የተናገርሁት! ይህ ለሰው አይነገርም!»

ሰይፈ ዙሪያውን ቃኘ። «እኔስ ለማን እነግራለሁ? ያልሰማ ሰው ከየት አገኛለሁ?»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ውጋቱ ለቀቃቸው። ወይዘሮ ቻይነሽ በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን በመዳናቸው ያዘኑበት ጊዜ የለም።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከጩኸቱ የያዙት «መሞቴ ነው» የሚለውን ብቻ ነበርና፣ በማግስቱ በፍኖተ ሰላም አድርገው እየከነፉ ደረሱ። በሽተኛዋን ያገኟቸው ማሳ ላይ ነው፤ ሽማግሎች ድንጋዩን ወደ ጥንቱ ቦታ ሲመልሱ፣ እሳቸው «ኧረ በዛ፣ ትንሽ ወደዚያ!» እያሉ ይከራከራሉ።

«ልጄ፣ ደኅና ነዎት? ምን ሊነግሩኝ ነበር?»

ወይዘሮ ቻይነሽ ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም።

«የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አባቴ። ይቀመጡና ሰይፈ ይንገርዎት።»