ከኋላ የሚመጣው ኮቴ

ሐኪሙ የሹፌሩን ጉልበት ነካ ነካ አድርጎ ሩጫ በቃዎት አለው። የግራው ጉልበት አልቋል፤ የቀኙ ተረከዝም ሊከተለው ነው። ከፈለጉ እስከፈለጉበት ድረስ በእግርዎ ይሂዱ፣ ብቻ እንዳይሮጡ። ሹፌሩ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ቦርጬን ላጥፋ ብሎ እንደ ጎረምሳ ሲጋልብ የከረመ ሰው ነውና ፊቱን አጨፈገገ። ግን ቤት መዋልም አላስቻለውም።

ሲሮጥ ብቻውን አልነበረም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ አብሮት የሠራው ረዳቱ ከኋላው ይሮጥ ነበር። ሕጋቸውም የመኪናው ሕግ ነው፤ ሹፌር ወደ ኋላ አይዞርም፣ ኋላውን የሚጠብቅለት ረዳቱ ነው። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ቆርቆሮውን በመዳፉ ሁለቴ ከመታ፣ ሹፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ያቆማል። በሩጫውም ረዳቱ ሲደክመው ሁለቴ ያጨበጭባል፤ ሹፌሩ ሳይዞር ይጠብቀዋል። ረዳቱ ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ። ሹፌሩ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ሲያወራ ሰነበተና የልቡን አንድ ቃል ሳይነግረው ቀበረው።

የእግር ጉዞውን እንደጀመረ ሰሞን፣ ከከተማው ወጥቶ ዞሮ በድልድዩ በሚመለሰው የጠጠር መንገድ ላይ፣ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲቆም ይቆማል። ሊዞር አለና ተወው። ከዞረ ማንም አይኖርም፤ ያኔ ረዳቱ ዳግም ሊሞትበት ነው። ስለዚህ ሳይዞር ማውራት ጀመረ።

ምን ያላወራው አለ? ቤቱ እንደሚጠበው፣ መሪ የለመደ እጁ በእንቅልፉ ብርድ ልብሱን እንደሚያሽከረክር፣ ሞትን እንደሚፈራ፣ ፍርሃቱን ለሚስቱ ማሳየት እንደሚያሳፍረው። ኮቴው እየተከተለ ያዳምጠዋል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ይጠፋል። ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቷ ቀልቶ፣ ላብ ላብ ብሏት፣ ወለል ስታጸዳ ያገኛታል። መጀመሪያ ላይ አብሬህ ልሂድ ብላው ነበር፤ ሐሳቤ የሚሰበሰበው ብቻዬን ስሆን ነው ብሎ ከለከላት። እሷም ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል መጠርጠር ነበረበት።

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ጉልበቱን ረስቶ ፈጠነ። ከብዶት የከረመ ነገር አፉ ላይ መጥቶበት ነው።

«በሞትክ ጊዜ ምነው እኔ በሆንኩ ብያለሁ» አለ። «አሁንም አንዳንድ ቀን እመኘዋለሁ።»

ከኋላው ሁለቴ ተጨበጨበ።

ሹፌሩ ባለበት ደርቆ ቀረ። አካሉ ሳያማክረው ነው የቆመው። ትንፋሽ እየተቆራረጠ ወደ ማጅራቱ ቀረበ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን ጥሶ ዞረ።

ሚስቱ ነበረች። አቧራ የጠጣ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ወገቧን ይዛ ታለከልካለች። መጀመሪያ ተናደደ፤ ረዳቱን የቀማችው መሰለው። ከዚያ ያወራው ሁሉ ትዝ አለውና ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ከመጀመሪያው ቀን። ወድቀህ ትቀራለህ ብዬ ፈርቼ። ከድልድዩ በአቋራጭ እቀድምሃለሁ። ጭብጨባውንም ከእናንተው ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታወራ ነበር?»

ትከሻውን ይዛ ቀስ አድርጋ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰችው።

«አትዙር» አለችው። «ያን እመኘዋለሁ ያልከውን ጨርስልኝ። ከኋላህ ነኝ።»

ሹፌሩ መራመድ ጀመረ፤ ኮቴው ተከተለው። ረዳቱ መሞቱን ያመነው ያን ጊዜ ነው። እንባው እየወረደ ዳገቱን ጨረሱት። ቁልቁለቱ ላይ፣ ሳይዞር፣ ሚስቱን በስሟ ጠራና ማውራት ጀመረ።