ልብስ ሰፊዋ የመረጡት መንቀያ

እኔ ሰው ቶሎ የማደንቅ አይደለሁም። ሱቄ እየገባ ዕቃ ሲያገላብጥ የሚያደርቀኝን ሁሉ ባደንቅማ ኖሮ ገና ድሮ አብጄ ነበር። የምሸጠው የገደል መውጫ ዕቃ ነው፤ ገመድ፣ ቀበቶ፣ የራስ ቁር፣ ሽብልቅ። ሽብልቅ የምንላት አውራ ጣት የምታህል ብረት ናት። ቀድሞ የሚወጣው ሰው የአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ይወሽቃትና ገመዱን ያንጠለጥልባታል፤ ተከትሎት የሚወጣው ደግሞ እየነቀለ ይሰበስባል። አንዳንዷ ታዲያ አንዴ ከገባች ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። መንቀያ የተሠራው ለእሷ ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ስንዝር የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ አንድ ከባድ ዘንቢል እየጎተቱ ገቡ። ስልሳ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ልጃቸው ገደል ትወጣለች፤ እሳቸው ከሥሯ እየተከተሉ ይነቅላሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል።

«እስቲ መንቀያ አሳየኝ።»

«የትኛውን?»

«ያለህን ሁሉ።»

ሰባቱንም ባንኮኒው ላይ ደረደርኩላቸው። እሳቸው ከዘንቢላቸው ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው? ድንጋይ! መሃሉ የተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ የተቀረቀረበት ድንጋይ። የባንኮኒው መስታወት ላይ ዘጭ!

«ኧረ እትዬ! ሊሰብሩብኝ ነው እንዴ?»

«አይሰበርም፣ አትንጫጫ።»

ጓንታቸውን አጠለቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ደግሞ ዓይን መጨፈን ምንድነው?»

«እዚያ ላይ ፊቴ አለት ላይ ተለጥፎ በምኔ ላየው ነው?»

ቀለሙ የሚያምረውን፣ ቀላሉን አቀበልኳቸው። «ወጣቶቹ አማትን እንነቅላለን እያሉ የሚወስዱት ይሄንን ነው» አልኩ። አማት የሚሏት ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ገደል ወገብ ላይ ከስንት ዓመት በፊት ተቀርቅራ የቀረች የዛገች ሽብልቅ ናት፤ ከገባች አልወጣም ስላለች ነው ስሟ። እሳቸው ጫን ሲሉት ብረቱ ጎበጠ። መለሱልኝ።

«ይሄኛው ጠርሙስም ይከፍታል።»

«እኔ ገደል የምወጣው ጠርሙስ ልከፍት ነው?»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባተኛው ጋ ደረስን። ወፍራም፣ ጀርባው ሰፋ ያለ፣ ሁለት ዓመት አቧራ የጠጣ። «እሱን ይተዉት፣ ከባድ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም» ብል አልሰሙኝም። በመዳፋቸው ሥር ጀርባውን ቷ! ሲያደርጉት ሽብልቋ ዘልላ ወጣች።

«አየህ፣ ወደ ራስህ ስትስባት ይብስባታል። በገባችበት በኩል መልሰህ ግፋት።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ «ሳብ፣ ሳብ አድርገው» እያልኩ የኖርኩት እኔ ምን ልበል? አፈርኩ።

ጓንቱን አውልቀው እጃቸውን አሳዩኝ። የቀኛቸው ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል። «አርባ ዓመት መቀስ ይዟል፤ አሁን መጨበጥ እምቢ አለኝ። መምታት ግን ይችላል። ልጄ፣ ‹እማዬ፣ እሑድ አንዲት ሽብልቅ እንኳ ጥለሽ ከመጣሽ ከእንግዲህ ከሌላ ሰው ጋር ነው የምወጣው› ብላኛለች። ክፋት አይደለም፣ ስለምትሳሳልኝ ነው። እኔ ግን እሷ እዚያ ተንጠልጥላ፣ ገመዷ ጫፍ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ፣ ቤት ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም።»

«የመንቀያውን ማንጠልጠያ ክር ልጨምርልዎት?» አልኩ።

«ለእኔ? ክር?» ብለው እየሳቁ ወጡ።

እሑድ ሱቄን ዘግቼ እገደሉ ሥር ሄድኩ። ዕቃዬ እንዴት እንደሚሠራ ላይ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁ። ልጅቷ አስራ አንድ ሽብልቅ እየወሸቀች አናቱ ላይ ደረሰችና ገመዱን ይዛ ተቀመጠች። እናትየው ተከተሏት። መንቀያው ቀበቷቸው ላይ በድርብ ስፌት ታስሯል። ቷ! አንድ። ቷ! ሁለት። እታች ሆኜ እቆጥራለሁ። አምስት ላይ ደርሰው ቀጥ አሉ።

አስር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ቷ፣ ቷ፣ ከዚያ ጸጥ፣ ከዚያ እንደገና ቷ። አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። ያንን ድብልብል ብረት የሸጥኩበትን እጄን ረገምኩት።

«እማዬ! እጅሽ ነው? ተያት፣ እንዳለች ተያት!» ልጅቷ ከላይ ጮኸች።

«ዝም ብለሽ ገመድሽን ያዢ!»

ብዙ ቆይተው ተንቀሳቀሱ። ስድስት፣ ሰባት እያሉ ወጡ።

በጓሮው መንገድ ዞረው ሲወርዱ የልጅቷ ፊት ጠቁሯል። ጨርቅ ዘርግታ የእናቷን ቀበቶ አራገፈች። ቆጠረች። አስራ አንድ። ሙሉ። እፎይ ከማለቷ አንዲት ቀይ ዝገት የለበሰች ሽብልቅ ቅጭል ብላ ወደቀች።

«ይቺ የኔ አይደለችም።»

«አማት!» ብዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ጢሜን እንኳ አላፈርኩም።

«መንገዴ ላይ ነበረች» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ውሃ እየጠጡ። ወይ ሴትዮ! አገር ምድሩ ያቃተውን!

ልጅቷ መዳፋቸውን ገልብጣ አየችው። አብጦ ዳቦ አክሏል። ጉንጯ ላይ አድርጋው አለቀሰች። እናትየው በደህናው እጃቸው እንባዋን ጠረጉላት፤ ከዚያ፣ «ለሚመጣው እሑድ ሌላ ሰው ይዘሽ ነበር፣ አይደል?» አሏት።

«ይዤ ነበር፣ እማዬ።»

«እና?»

«አሁኑኑ ደውዬ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ።»

ስልኩን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።