ሦስት ስሙኒና የድኃ ወረቀት

ሸዕባን መጥረጊያውን ከእጇ ሲቀበላት ይታይሽ የተባረረች መሰላት። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና ጥፋቷን ስትፈልግ፣ ባለፈው ማክሰኞ የአንዱን ዳጉሳ ከሌላው በቆሎ ጋር የደባለቀችው ትዝ አላት። በዳንግላ ገበያ ዳር ባለው የናፍጣ ወፍጮ ቤት አምስት ዓመት ስትሠራ ሌላ የሚነገር በደል አልነበረባትም።

«ጋሼ ሸዕባን፣ የማክሰኞው ከሆነ ባለእህሎቹ ታርቀውኛል» አለች።

ሸዕባን የወፍጮው ባለቤት ነው፤ ዱቄት ጢሙንም ቅንድቡንም አንድ ላይ ያነጣበት፣ ክፉ የማይባል ሰው። ግራ ገብቶት አያትና ሳቀ። ያባረራት የለም። ከበላይ መጣ የተባለ ወረቀት በከተማው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ ከዛሬ ጀምሮ በከተማው ለቀን ሠራተኛ ከሦስት ስሙኒ በታች የከፈለ ሃምሳ ብር ይቀጣል። እሷ ደግሞ እስከ ትናንት የምታገኘው አንዲት ስሙኒ ነበር።

ይታይሽ ዝቅ ብላ ልታመሰግን ስትል መጥረጊያው አሁንም በእሱ እጅ መሆኑን አየች።

እዚህ ላይ ስለ ጥራጊው መንገር ግድ ነው። ወፍጮ ሲዞር ዱቄት ይበናል፤ የበነነውም በየጥጋጥጉ ያርፋል። ይታይሽ ሥራ ሲያልቅ ትጠርገውና ነፍታ በአቁማዳ ትወስደዋለች፤ ከስሙኒዋ ጋር የተዋዋለችው ይህንን ነው። ጤፉም፣ ዳጉሳውም፣ ገብሱም አለበት፤ አሸዋውም አይጠፋም። ቂጣዋ ከምን እህል እንደሆነ ራሷም አታውቅም ነበር። እኛ ጎረቤቶቿ «ገበያው በሙሉ ያዋጣበት ቂጣ» ብለን ስንቀልድባት አብራን ትስቃለች። ተሳቀም አልተሳቀም፣ ቂጣው ከቤቷ ጠፍቶ አያውቅም።

ሸዕባን ወረቀቱ «ደመወዝ በገንዘብ ብቻ» እንደሚል አስረዳት። ሦስት ስሙኒም ጥራጊም ከሰጠማ ወፍጮውን መዝጋት ነው። ከእንግዲህ ጥራጊውን ለጋሪ ፈረሶች ቀለብ ይሸጠዋል፤ የማስፈጫውንም ዋጋ ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም፤ ሞተሩን ነበር የሚያየው።

በዚያው ሳምንት ይታይሽ እህል ገዝቶ፣ ከፍሎ አስፈጭቶ መብላትን ተማረች። አከራይዋ ወይዘሮ ሸጋ የደመወዙን ወሬ ከራሷ ከይታይሽ ቀድማ ሰምታ ኖሮ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ልትል መጥታ ኪራዩን ጨምራ ሄደች። ገበያ ላይም የእህሉ ቁና እንደዚያው ተወደደ፤ ሰፋሪው ሁሉ ሦስት ስሙኒውን የሰማ ይመስል ነበር። ባሏ አዝመራው ጥራጊው ለፈረስ መሸጡን ሲሰማ፣ «ቁም ነገር ነው፤ እኔ የነዳኋቸው ፈረሶች የእኔን ምሳ ቢበሉ አይከፋኝም» አለ አሉ።

አዝመራው ጋሪ ነጂ ነበር። ከእንጅባራ ሲመለስ ጋሪው ተገልብጦ እግሩን ከሰበረው ወዲህ አጥንቱ መግል ቋጥሮ፣ ዓመት ከመንፈቅ መደብ ላይ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የቀድሞ ጓደኞቹ በጋሪ ጭነው ጤና ጣቢያ ያደርሱታል፤ መርፌ ተወግቶ ይመለሳል። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ለይታይሽ ነግሯታል፤ መርፌው ከተቋረጠ እግሩን መቁረጥ ይመጣል። የአንዱ መርፌ ዋጋ ሁለት ብር ነው። ከእነሱ ግን አንድም ሳንቲም ተጠይቆ አያውቅም፤ ምክንያቱም ይታይሽ የድኃ ወረቀት አላት። ወረቀቱን በማኅተም የሚሰጣት የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ዓለምነው ነው፤ በየሦስት ወሩም ይታደሳል።

የሚታደስበት ቀን ሐሙስ ነበር። ዓለምነው እንደ ወትሮው የአዝመራውን እግር ጠየቃት፤ እንደ ወትሮውም ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ከመሳቢያው የወፍጮ ቤቱን የሠራተኞች ዝርዝር አወጣ። የይታይሽ ስም ሁለተኛ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊቱም ሦስት ስሙኒ። ዓለምነው ብዕሩን ጠርጎ አስቀመጠው። የድኃ ወረቀት የሚሰጠው በቀን ከሁለት ስሙኒ በታች ለሚያገኝ ሰው ነው፤ ደንቡ የቆየ ነው፤ እሱ አላወጣውም።

ይታይሽ ስለ ጥራጊው ነገረችው። ስለ ኪራዩ፣ ስለ ማስፈጫው፣ ስለ ቁናው ነገረችው። አማርኛው ሲያጥራት በአገውኛ ቀጠለች፤ እሱም የአገው ልጅ ነውና አንዲት ቃል ሳያመልጠው ሰማት። አዘነላትም። ግን ጥራጊው በፊትም በዝርዝር ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ቀረብኝ አይባልም።

«እንግዲያው ሥራውን ብተወውስ?» አለችው።

«ሥራ የተወ ሰው ሰነፍ ይባላል እንጂ ድኃ አይባልም።»

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። ሰው ደመወዝ ጨምሩልኝ ብሎ ሲለምን ሸዕባን ብዙ አይቷል፤ ቀንሱልኝ የሚል ሲመጣበት ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ወደ ስሙኒዬ መልሱኝ፣ ስሜንም በስሙኒ ጻፉት ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በሁለት እጁ ያዛት። ቢይዙት ሃምሳ ብሩን ከየት ያመጣል? ለወፍጮው ገና ዕዳ አለበት። ለዛሬ ብቻ ብሎ አንድ ቁና ጥራጊ በአቁማዳዋ ጨመረላትና ማንም እንዳያይ በጓሮ በር አስወጣት። አምስት ዓመት በፊት ለፊት በር ያወጣችውን ጥራጊ እንደ ሌባ በነጠላዋ ሸፍና ቤቷ ገባች።

አዝመራው መደቡ ላይ እግሩን ወደ በሩ ዘርግቶ ይጠብቃት ነበር። አቁማዳውን ሲያይ ፊቱ ፈካ፤ ነገሩ የተቃና መስሎት። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ ስማቸው ከድኆች መሠረዙን፣ ዓለምነው ያለውን፣ ሸዕባን ያለውን። እየሰማ እግሩ የታሰረበትን ጨርቅ ጫፍ በጣቱ ይጠቀልል ነበር።

«ነገ ጋሪው ይመጣል» አለች። «መርፌው በሳምንት ስድስት ብር ነው፤ ደመወዜ በሙሉ አይሸፍነውም። ምን ይሻላል፣ አንተ?»

አዝመራው እግሩን አየት አድርጎ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ እንደሆነ ባለጠጋ ሆኜ ስታመም ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»