አይነኬው ፎልደር

የአባታቸው ኮምፒውተር አንድ ሲጫኑት ሦስቴ ያስባል። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ግን ይጣል ሲሏት እምቢኝ ብላ ስንት ዓመት ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አኑራዋለች። ውስጡ የእናታቸው ድምፅ አለ። አባታቸው ሲቀዳት በዓይኗ በብረቱ አይታለች። ሁለቱም ካለፉ በኋላ ግን የት እንዳስቀመጠው ያገኘ የለም።

ዛሬ ታናሽ ወንድሟ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ መጥቶ ቁርጡን ነገራት።

«እታለም፣ ይሄ ነገር አብቅቶለታል። ሰነዱንም ፎቶውንም ገልብጫለሁ። የቀረውን ጠርጌ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልጫንበት።»

«ድምፁስ?»

«የለም አልኩሽ እኮ! ያልፈተሽኩት የሲስተሙን ፎልደር ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ የሰው ዕቃ አይቀመጥም። የማሽኑ ሆድ ዕቃ ነው፤ አንዷን ፋይል ብታጠፊ ነገ አይነሣም።»

እህት ሳቋ መጣ። ይህን ንግግር ከማን እንደወረሰው ታውቃለች። አባታቸው ዕድሜ ልኩን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነበር፤ ፋይል የሚጠፋው ሁሉም ከሚደርስበት መደርደሪያ ነው ይል ነበር። ኮምፒውተሩ የተገዛ ሰሞን ይኸው ወንድሟ ለጌም ቦታ ላስለቅቅ እያለ ያገኘውን ሁሉ ይደመስስ ነበር፤ የአክስታቸውን የሠርግ ፎቶ ሳይቀር ድራሹን አጥፍቶታል። ያኔ አባት ጆሮውን ይዞ የሲስተሙን ፎልደር አሳየውና፣ «ይህች የማሽኑ ሆድ ዕቃ ናት፤ ይህችን ፎልደር የነካህ ቀን አንተን አያርገኝ!» አለው። ያ ልጅ ከዚያ ፎልደር በቀር የሚፈራው ነገር አልነበረም።

ደግ ዘመን ነበር። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ሲጫወቱ እናታቸው ከኋላ ቆማ፣ ምንም ሳይገባት፣ «ጎበዝ!» ትላቸዋለች። እህት ያን ጊዜ ይናፍቃታል።

«ታዲያ አንተ ከማትነካው ቦታ ሌላ የት ይደብቀዋል?» አለችው።

ወንድሟ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፎልደሩን ከፈተና ፋይሎቹን በቀን አስደረደራቸው። ማሽኑ ኢንተርኔት አይቶ ስለማያውቅ ዊንዶውሱ ታድሶ አያውቅም፤ ፋይሎቹ ሁሉ ከተጫነበት ቀን ወይም ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። ከላይ አንዲት ብቻ ሁለት ዓመት ዘግይታ የገባች አለች፤ የድምፅ ፋይል ናት፣ ስሟም የመዝገብ ቁጥር ብቻ።

«ልጠርጋት ነበር እኮ» አለ። «የደበቃት ከእኔ ነው።»

«ክፈታት።»

መጀመሪያ ማይኩ ሲንኳኳ ተሰማ። ቀጥሎ እናታቸው፣ «አሁን ይሄ ነገር እየሰማ ነው?» አለች።

«ዝም ብለሽ አውሪ» አለ አባት።

«ቆይ ልጁም ይምጣ» አለችና ወደ ውጭ ተጣራች። «ማሙሽ! ኧረ አንተ ማሙሽ!»

ጠጉሩ ገብስማ የሆነው ጠጋኝ፣ «አቤት እማዬ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።